የግንበኛ በር የሌለው ግቢ
በፋሲል ግቢ ታሪክ አተራረክ ላይ የቀረበ ሒስ

ጥንታዊ ሕንፃ ሁለት ዓይነት ታሪክ አለው። አንደኛው ሰዎች ስለ እርሱ የሚናገሩት ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ድንጋዩ፣ ኖራውና እንጨቱ ራሳቸው የሚመሰክሩት ነው። ሁለቱ በተስማሙበት ሥፍራ ጐብኚ ተምሮ ይወጣል። ባልተስማሙበት ሥፍራ ግን ያየውን በሰማው እየሸፈነ ይመለሳል። ሒስ የሚያስፈልገው በዚህ ጊዜ ነው። የኪነ ሕንፃ ሒስ ተግባር ግንቡን መመርመር ብቻ ሳይሆን፣ ስለ ግንቡ የሚነገረውንም ከግንቡ ጋር አስተያይቶ መመዘን ነውና።

ለዚህ ዓይነቱ ምዘና በጐንደር ከተማ እምብርት ከሚገኘው ከፋሲል ግቢ የተሻለ ምሳሌ በአገራችን ማግኘት ያስቸግራል። ዐፄ ፋሲለደስ (ከ1624 እስከ 1660 ዓ.ም.) ከተማዋን በ1628 ዓ.ም. ገደማ ቆረቆሩ። ከዚያ በኋላ እርሳቸውና ተከታዮቻቸው ከመቶ ዓመት ለሚበልጥ ጊዜ ቤተ መንግሥታቸውን እያከታተሉ የገነቡበት ይህ ግቢ፣ 900 ሜትር ያህል ርዝመት ባለው የድንጋይ አጥር የተከበበ ነው። በ1972 ዓ.ም. ከሌሎች የአካባቢው ሕንፃዎች ጋር በዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍሯል። የአገራችንን የመካከለኛ ዘመን ታሪክ ማብቂያ በዓይኑ ለማየት የሚሻ ተማሪ፣ መምህርና ሠዓሊ ሁሉ የሚያመራው ወደዚሁ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲገነዘብልን እንሻለን።)

ስድስት ስሞች

ይህ ጸሐፊ በቅርቡ ከጥቂት መምህራን ጋር ግቢውን ተዘዋውሮ ተመልክቶ ነበር። አስጐብኚያችን አንደበቱ የተባ፣ ሥራውን የሚወድ ወጣት ነው። ቀጥሎ የሚሰነዘረው ነቀፌታም እርሱን የሚመለከት አይደለም። እርሱ የነገረን እኛ ራሳችን በትምህርት ቤት የተማርነውን፣ በተራችንም በክፍላችን ያስተማርነውን ነውና።

ጉዞው የሚጀምረው ከሁሉ ከሚገዝፈው ከፋሲል ግንብ ነው። ከዚያ የቀዳማዊ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍትና የጽሕፈት ቤት ይታያል። ቀጥሎ የታላቁ ኢያሱ ግንብ፣ አናቱ እንደ ኮርቻ ሆኖ ቆሞአል፤ በዘመኑ በዝሆን ጥርስና በመስተዋት አጊጦ እንደ ነበር ይነገራል። የዳዊት የዜማ አዳራሽ ጣሪያው የለም። የበካፋ የግብር አዳራሽ ርዝመቱ ያስገርማል። በመጨረሻም የእቴጌ ምንትዋብ ግንብ፣ በግድግዳው ላይ በቀላ ድንጋይ የወጡ መስቀሎችን አሰልፎ ይጠብቃል። በየሕንፃው ፊት የሚነገረው ነገር ቅርጹ አንድ ነው፤ ይኸውም እገሌ የተባለው ንጉሥ በዚህ ዓመት ነገሠ፣ ይህንን ግንብ ሠራ፣ በዚህ ዓመት ዐረፈ የሚል ነው።

ከበሩ ወጥተን ጥላ ሥር ስናርፍ ከመምህራኑ አንዷ ማስታወሻዋን ገልጣ ተመለከተች። የአምስት ነገሥታትና የአንዲት እቴጌ ስም ጽፋለች። «ስድስት ስም ይዣለሁ፤ ከስድስቱ አንዱም ድንጋይ አልጠረበም» አለች። ይህንን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣን ይኸው አነጋገር ነው።

ነገሩን ይበልጥ የሚያጐላው የግቢው በሮች ስያሜ ነው። እንደሚታወቀው አጥሩ ብዙ በሮች አሉት፤ በልማድ አሥራ ሁለት ናቸው ይባላል። ስማቸውም የጥንቱን የግቢ ሥርዓት እንደ መዝገብ ጠብቆ የቆየ ነው። ዳኞች የሚገቡበት ወንበር በር ይባላል። እንቢልታ ነፊዎች እንቢልታ በር አላቸው። የፈረስ ሹሙ ባልደራስ በር አለው። የሙታን መታሰቢያ የሚወሳበት ተዝካሮ በር ነው። እርግብ እንኳ እርግብ በር ተብሎ ተሰይሞላታል። የፈረደ፣ የነፋ፣ የጋለበ ሁሉ በበር ስም ሲታወስ፣ በሩን የገነባው ሰው ግን በአንዱም አልተሰየመም። ይህ የአጋጣሚ መርሳት ነውን? ወይስ የአንድ ኅብረተሰብ አስተያየት በድንጋይ ላይ ታትሞ የቀረበት ነው? ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

«ማን ሠራው?» ለሚለው ጥያቄ የሚሰጡ ሦስት መልሶች

ስለ ጐንደር ግንቦች ሠሪ በተለምዶ የሚሰጡት መልሶች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው «ፋሲል ሠራው» የሚለው ነው። በሰዋስው ረገድ ስሕተት የለበትም፤ ያሠራ ሠራ ይባላልና። ይሁን እንጂ «አሠራ» ከሚለው ቃል «አ» ስትወድቅ ከርሷ ጋር ስንት ሺሕ እጅ አብሮ እንደሚወድቅ ማስተዋል ያሻል።

ሁለተኛው መልስ «ፖርቱጋሎች ሠሩት» የሚለው ነው። ይህ በውጭ አገር ጸሐፊዎች ብዙ ጊዜ ሲነገር ኖሯል፤ ከእነርሱም ወደ እኛ ተላልፏል። የመልሱን ድካም ለማሳየት ሁለት ነገር ይበቃል። አንደኛ፣ ዐፄ ሱስንዮስ በ1624 ዓ.ም. ሥልጣናቸውን ለልጃቸው ለፋሲለደስ በለቀቁ ጊዜ የካቶሊክ እምነት የመንግሥት ሃይማኖት መሆኑ ቀረ፤ የኢየሱሳውያን መነኮሳትም ብዙ ሳይቆይ ከአገር ተባረሩ። ጐንደር የተቆረቆረችው ከዚያ በኋላ ነው። ሁለተኛና ከፍ ያለው ማስረጃ ደግሞ ጊዜ ነው። እቴጌ ምንትዋብ ግንባቸውን በግቢው ውስጥ፣ ሌላውንም በቁስቋም ያሠሩት ከ1723 ዓ.ም. በኋላ ነው። ይህም መነኮሳቱ ከወጡ አንድ መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ መሆኑ ነው። አንድ እንግዳ ጥሎት የሄደ ዕውቀት ባለቤት ካላገኘ መቶ ዓመት አይኖርም። ለመቶ ዓመት ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፈ፣ በየግንቡም መልኩን እየለወጠ የኖረ ጥበብ ባለቤት አግኝቶአል ማለት ነው።

ሦስተኛው መልስ ለሁለተኛው አጸፋ ሆኖ የመጣ ነው፤ «ያለ ማንም እርዳታ እኛው ብቻችንን ሠራነው» ይላል። የብሔራዊ ኩራት ስሜቱ የሚያስመሰግን ቢሆንም፣ እውነቱን ግን ያጠባል። በ1640 ዓ.ም. አካባቢ ከየመን ወደ ጐንደር ተልኮ የመጣው ሐሰን ኢብን አሕመድ አል ሐይሚ የፋሲልን ግንብ በዓይኑ አይቶ፣ የሥራው መሪ ሕንዳዊ እንደ ነበረ ጽፎአል። በ1762 ዓ.ም. ጐንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስም የሚለው ከዚህ አይርቅም። ግንቡን የሠሩት ከሕንድ የመጡ ግንበኞችና፣ ከኢየሱሳውያን ዘንድ የግንባታ ጥበብ ተምረው እምነታቸውን ግን ያልተቀበሉ የአገሩ ሰዎች እንደ ሆኑ ይናገራል።

በእኛ አስተያየት የብሩስ ቃል ከሦስቱም መልሶች ይልቅ ለእውነት የቀረበ ነው። «ከውጭ የመጣ» በሚለውና «የራሳችን» በሚለው መካከል አንድ የተረሳ ሰው ያስገባልናልና፤ እርሱም ተማሪው ነው። ሱስንዮስ በጎርጎራና በደንቀዝ ቤተ መንግሥት ሲያሠሩ ድንጋይ ያቀበለ፣ ኖራ ያቦካ፣ የቅስት አጣጣል ያየ፣ መምህሩ ሲሄድ ሙያውን ይዞ የቀረ የአገር ልጅ ነበረ። የጐንደር ኪነ ሕንፃ አባት ይህ ተማሪ ነው። ስሙን አናውቀውም፤ ሥራውን ግን ዛሬም በእጃችን መዳሰስ እንችላለን።

የግንቡ ምስክርነት

እስቲ ወደ ፋሲል ግንብ ተመልሰን፣ የነገሥታቱን ዝርዝር ለጊዜው አቆይተን፣ ሕንፃውን እንደ አንድ የጥበብ ሥራ እንመልከተው።

በመጀመሪያ ዓይን የሚያርፍበት ክብደቱ ነው። ግድግዳው ቡናማ መልክ ካለው የባዛልት ድንጋይ የተገነባ ነው። በአራቱ ማዕዘን እንቁላል የመሰለ ጉልላት ያላቸው ክብ ማማዎች ቆመዋል፤ የጣሪያው ጠርዝ ጥርስ አውጥቷል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ አንድ አራት ማዕዘን ማማ ወጥቶ አካባቢውን ቁልቁል ያያል። ከሩቅ ለሚመለከተው ምሽግ ነው። ቀረብ ሲሉ ግን ሌላ ይሆናል። በሮቹና መስኮቶቹ ሰፊ ናቸው፤ ወደ ውጭ የሚወጣ የእንጨት ሰገነትም ነበረው። ጠላትን የሚፈራ ቤት ይህን ያህል ዓይን አያበዛም። አጥሩም ብዙ በር ያለው መሆኑን ስናስብ፣ ሕንፃው በይበልጥ የታሰበው ለመከላከል ሳይሆን ለመታየት ነው ብንል አንሳሳትም። ከዚያ በፊት ነገሥታቱ አብዛኛውን ዘመናቸውን ከሠፈር ሠፈር በድንኳን ሲዘዋወሩ የኖሩ ናቸው። የፋሲል ግንብ ያን ጊዜ ለተመለከተው ሁሉ «ድንኳኑ ተነቅሎአል፤ መንግሥት እዚህ ተቀምጦአል» የሚል አዋጅ ነበር።

ቀጥሎ ግድግዳውን ጠጋ ብለን እንይ። አብዛኛው ድንጋይ ብዙ አልተጠረበም፤ ከተገኘበት መጠን ጋር እየተስማማ የተደረደረ ነው። ግንበኛው ድካሙን የቆጠበው ለቅስቶቹ ነው። በበሮቹና በመስኮቶቹ ላይ ቀላ ያለው ለስላሳ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ እየተጠረበ፣ አንዱ አንዱን ደግፎ ግማሽ ክብ እንዲሠራ ተደርጎአል። ጥቁረት ያዘለው ግድግዳ በእነዚህ ቀይ ቅስቶች ባይከፈት ኖሮ ሕንፃው ባልተፈታ ቁጣ እንደ ተያዘ ፊት በሆነ ነበር። ውበቱ በዚህ ተቃርኖ ላይ የቆመ ነው፤ ይህንንም ያሰበው ሁለቱን የድንጋይ ዓይነቶች በእጁ የመዘነ ሰው እንጂ ከዙፋን ላይ ሆኖ ያዘዘ ሰው ሊሆን አይችልም።

ከሁሉ በላይ ግን ምሥጢሩ በድንጋዮቹ መካከል ነው። ከአክሱም ጀምሮ የነበሩት ግንበኞቻችን በአመዛኙ ድንጋይን በጭቃ ያያይዙ ነበር፤ በላሊበላ ደግሞ ማያያዝ ሳያስፈልግ ከአለት ፈለፈሉ። ጐንደር የቆመችው በኖራ ነው። የኖራ ድንጋይ በምድጃ ይቃጠላል፤ በውሃ ሲጠጣ ይፈላል፤ ተብላልቶ ከአሸዋ ጋር ይቦካል። ከተገነባ በኋላም አየር እየሳበ ቀስ በቀስ ወደ ድንጋይነት ይመለሳል። ምን ያህል እንደሚቃጠል፣ ምን ያህል እንደሚቆይ፣ አሸዋው ምን ዓይነት መሆን እንዳለበት በመጽሐፍ አልተጻፈም። ይህ በእጅ የሚታወቅ፣ በእጅም የሚወረስ ዕውቀት ነው። ጣሪያውን ከባድ ጉልላት አሸክሞ ከ350 ዓመታት በላይ ያቆየው የማንም ንጉሥ ስም ሳይሆን ይህ ዕውቀት ነው።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ነገር ጥንቃቄ እናድርግ። በምድር ቤቱ በሮች አናት ላይ ባለ ስድስት ጫፍ ኮከብ ተቀርጾ ይታያል። ይህ የሰሎሞናዊው ሥርወ መንግሥት ምልክት እንደ ሆነ ይነገራል። አንዳንዶች ደግሞ የቤተ እስራኤል ግንበኞች በስውር ያኖሩት ፊርማ ነው ሲሉ ይሰማል። አሳቡ ልብን ይማርካል፤ ነገር ግን ማስረጃ የለውም። ኮከቡ የንጉሡም የግንበኛውም የወል ውርስ መሆኑን ማስታወስ ይበቃል። የተረሳውን ሰው ለማስታወስ ስንል አዲስ ተረት መፍጠር አይገባንም፤ እርሱን የሚያስታውሰን ከተረት የጸና በቂ ነገር አለና።

እጆቹ የማን ነበሩ?

ይህ የጸና ነገር ምንድን ነው? የቤተ እስራኤል ማኅበረሰብ የቃል ታሪክና የታሪክ ተመራማሪዎች ጥናት በአንድነት እንደሚያስረዱት፣ በጐንደር ግንቦች ሥራ ላይ ከተሠማሩት ግንበኞች፣ አናጢዎችና ብረት ሠሪዎች መካከል ቤተ እስራኤላውያን ዓቢይ ቦታ ነበራቸው። የዚህም ምክንያቱ በታሪካቸው ውስጥ ይገኛል። በሃይማኖታቸው ጸንተው በመቆየታቸው ርስታቸውን ያጡ፣ በሱስንዮስ ዘመንም በሰሜን በተካሄደው ጦርነት የተሸነፉ ሕዝቦች ነበሩ። መሬት የሌለው ሰው በምን ይተዳደራል? በእጁ ነው። ሸክላ፣ ብረት፣ ሽመና፣ ግንብ የእነርሱ ርስት ሆነ። አዲሲቱ ከተማ ስትመሠረት ሙያቸው ተፈለገ፤ ከመካከላቸውም ለአለቆቻቸው እንደ አዛዥና በጅሮንድ ያለ ማዕረግ እስከ መስጠት፣ መሬትም እስከ መትከል ተደረሰ።

ሆኖም የዘመኑ አስተያየት ሁለት ፊት ነበረው። በፋሲል ልጅ በቀዳማዊ ዮሐንስ ዘመን የተሰበሰበው ጉባኤ ሙስሊሞችና ካይላ ይባሉ የነበሩት ቤተ እስራኤል ከክርስቲያኖች ተለይተው በየራሳቸው ሠፈር እንዲኖሩ ወሰነ። ቀን ከግቢው ውስጥ ቅስት ሲጥል የዋለው ሰው ማታ ወደ ተለየለት ሠፈር ይወርድ ነበር ማለት ነው። በእጁ የሚፈራው እሳትና ብረት ደግሞ ስም አወጣለት፤ ብረት ቀጥቃጩ ቀጥቅጦ፣ ሸክላ ሠሪዋ ጠፍጥፋ የሠራችውን ገዝቶ የሚጠቀመው ጐረቤት «ቡዳ» እያለ ሸሻቸው። ለእንቢልታ ነፊው በር ተሰይሞ ለግንበኛው ሳይሰየም የቀረበት ምክንያት ምን እንደ ሆነ ከዚህ ይገመታል። አንድ ኅብረተሰብ የሚያከብረውን ይሰይማል። ጥበብን በልቶ ጠቢብን የሚጸየፍ አመለካከት በር ሊሰይምለት አይችልም።

ከ1760ዎቹ ጀምሮ መሳፍንት በነገሡበት ዘመን የቤተ መንግሥት ግንባታ ሲቆም፣ የተጐዳው የነገሥታቱ ክብር ብቻ አልነበረም። ሥራ ያጣው ግንበኛ ማዕረጉንም አጣ፤ ወደ ቀጥቃጭነትና ወደ ሸክላ ሥራ ተመለሰ፤ ንቀቱም በረታበት። በታሪክ መጻሕፍታችን ስለ ዘመነ መሳፍንት ስንማር ስለ ነጋሾችና አንጋሾች ብዙ እናነብባለን። ስለ ኖራው ምድጃ መጥፋት ግን አንድም ገጽ አላነበብንም። የጐንደር ኪነ ሕንፃ የሞተው ግን በጦር ሜዳ ሳይሆን በዚያ ምድጃ ነው።

ከጥፋት የተረፈውና ያልተረፈው

ከዚያ ወዲህ በከተማዋ ላይ የደረሰው ይታወቃል። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. ጐንደርን አቃጠሉ። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ገብተው አብያተ ክርስቲያናቱን አነደዱ፤ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ከተረፉት ጥቂቶች አንዱ ነው። ፋሺስት ኢጣሊያ በ1928 ዓ.ም. ከተማዋን ይዞ ግቢውን ለራሱ አገልግሎት አዋለው፤ አንዳንዱንም ግንብ በሲሚንቶ አደሰ፤ የዮሐንስን ቤተ መጻሕፍት በልስን ሸፈነው። ኅዳር 1934 ዓ.ም. የመጨረሻው የኢጣሊያ ጦር በጐንደር እጁን እስኪሰጥ ድረስ በተካሄደው ውጊያም የእንግሊዝ የአየር ድብደባ በግቢው ሕንፃዎች ላይ ጉዳት አደረሰ።

እንጨቱና ሣሩ ነደደ፤ ግንቡ ግን ቆየ። ግንበኞቹስ? የቤተ እስራኤል ልጆች በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል፣ በ1983 ዓ.ም. ደግሞ ከአዲስ አበባ በአየር ወደ እስራኤል በብዛት ተጓዙ። ከጐንደር በስተሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ በምትገኘው በወለቃ መንደር ዛሬ መንገደኛ ቆሞ የሸክላ ምስል ይገዛል፤ ከጥንቶቹ ባለሙያዎች ግን በመንደሯ የሚኖር የለም ማለት ይቻላል። በእስራኤል ተወልዶ ያደገ ወጣት አንድ ቀን የአያቱን አገር ሊያይ ወደ ጐንደር ቢመጣና በግቢው ውስጥ ቢዞር፣ የሚነገረው የስድስቱ ሰዎች ስም ነው። የአያቱን እጅ የሚያሳየው ከሌለ እንግዳ ሆኖ ገብቶ እንግዳ ሆኖ ይወጣል። ከዚህ የበለጠ ኪሳራ ለአንድ ቅርስ ያለ አይመስለንም።

ጉዳዩ የስሜት ብቻ እንዳልሆነ ደግሞ የጥገናው ታሪክ ያስተምረናል። ሲሚንቶ ከኖራ ይልቅ ጠንካራ ነው፤ ለጥንታዊ ግንብ ግን ጥንካሬው ጠላት ነው። ኖራ ይተነፍሳል፤ ዝናብ ያረሰረሰው ግድግዳ እርጥበቱን በኖራው በኩል ያስወጣል። ሲሚንቶ ግን እርጥበቱን ዘግቶ ያስቀራል፤ የታፈነው ውሃም ቆይቶ ድንጋዩን ራሱን ይሰነጥቀዋል፤ ይፈረፍረዋል። ስለዚህ የኋለኛው ዘመን ጠጋኞች ወደ ኖራ መመለስ ግድ ሆኖባቸዋል። በቅርብ ዓመታት ግቢው ሰፊ ጥገና ተደርጎለታል፤ ይህም የሚያስደስት ነው። ዘላቂው ዋስትና ግን ገንዘብና መሣሪያ ብቻ አይደለም፤ ኖራ ማቡካትን እንደ ሙያ የያዘ፣ በሙያውም የሚከበር ሰው መኖሩ ነው። የግንበኛውን ስም ከትረካው ስንሠርዝ የግንበኛውን ሙያ ከአገሩ እንሠርዛለን፤ ሙያው ሲጠፋ ደግሞ ግንቡ ይከተላል። የንጉሡ መታሰቢያ ሳይቀር የሚቆየው የተረሳው ሰው ዕውቀት እስከ ቆየ ድረስ ብቻ ነው።

ምን ይደረግ?

ከላይ የተሰነዘረው ሒስ የነገሥታቱ ስም ይፋቅ የሚል አይደለም። ፋሲለደስ ከተማ ለመቆርቆር ያሰቡ፣ ኢያሱና ምንትዋብም ጥበብን የወደዱ መሆናቸው እውነት ነው፤ ያለ እነርሱ አሳብና ሀብት ግንቦቹ ባልቆሙ ነበር። የምንለው ትረካው ጐዶሎ ነው ነው። ይህንንም ለመሙላት ከባድ ዘመቻ አያስፈልግም።

መምህራን ተማሪዎቻቸውን ወደ ግቢው ሲወስዱ ከዓመተ ምሕረቱ በፊት ግድግዳውን ያስዳስሱአቸው። ቅስቱ ለምን እንደማይወድቅ ይጠይቁአቸው። በጭቃና በኖራ፣ በኖራና በሲሚንቶ መካከል ያለውን ልዩነት በዓይናቸው ይለዩ። አሥራ ሁለቱን በሮች እየቆጠሩ «የማን በር የለም?» ብለው ራሳቸው ይድረሱበት። ይህ የታሪክ፣ የሳይንስና የሥነ ምግባር ትምህርት በአንድነት ነው።

ትረካውን የሚያዘጋጁና የሚያስተላልፉ ሁሉ ደግሞ በየግንቡ ፊት አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ይጨምሩ። የየመኑ መልእክተኛ ስላየው ሕንዳዊ፣ ብሩስ ስለጠቀሳቸው ተማሪዎች፣ ስለ ቤተ እስራኤል ግንበኞችና ስለ ተለየላቸው ሠፈር የሚያወሳ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። አንድ ዓረፍተ ነገር አስጐብኚውን አያደክምም፤ ጐብኚውን ግን ያነቃዋል።

ለሠዓሊዎቻችንና ለጸሐፊዎቻችንም የምንለው አለን። ስለ ጐንደር የተሣሉ ሥዕሎች፣ የተጻፉ ተውኔቶችና ልብ ወለዶች በንጉሥና በእቴጌ፣ በሴራና በፍቅር የተሞሉ ናቸው። ከግቢው ወጥቶ ወደ ሠፈሩ የሚወርደውን፣ እጁ በኖራ የተላጠውን፣ ልጁን ቅስት መጣል የሚያስተምረውን ሰው ገና አላየነውም። ስሙ ስለማይታወቅ የታሪክ ጸሐፊ ሊጽፈው አይችል ይሆናል፤ የኪነ ጥበብ ሰው ግን ስም ለማውጣት መብት አለው።

ከጉብኝቱ በኋላ በመጨረሻው ሰዓት፣ ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል፣ ያቺ መምህርት ብቻዋን ወደ ፋሲል ግንብ ተመልሳ ነበር። ስትመጣ ማስታወሻዋ ላይ ከስድስቱ ስሞች በታች አንድ መስመር ባዶ ትታ አየናት። «ምን ልትጽፊበት ነው?» ብለን ጠየቅናት። «እኔ አልጽፍበትም፤ ተማሪዎቼ ይጻፉበት» አለችን።